ንዳድ ደጋ ሲወጣ፦ የሐኪም መዝገብና የአየር ንብረት ሒሳብ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ በጥቂቱ ተስተካክሏል። በንግግሩ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

 

አዘጋጆቹ ደውለው «አንድ ሃያ ደቂቃ ተናገሪልን» ሲሉኝ «ስለ ምን?» አልኳቸው። «ስለፈለግሽው» አሉ። ለሐኪም እንዲህ አይባልም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሒሳብ ነው የማወራው። አይዟችሁ፣ ሰሌዳ አልጠየቅሁም። ከሒሳብ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ ደግሞ ስሳሳት ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻ ንገሩኝ እንጂ እዚሁ እጅ አታውጡብኝ።

ይህ ቤት ለምን እንደተወለደ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደግሞ ማንሳቱ ግን አይከፋም። በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገባ። በቆላ ድባና በአካባቢዋ ወደ 7,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚሁ ጎንደር ተከፈተና ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች መሠልጠን ጀመሩ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ከላይፕዚግ ጋር በመተባበር የተጀመረው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። እኛ ሐኪሞቹ ምንም ብንኮራ የቤቱ ታናናሾች ነን። ታላላቆቻችን የወባ ልጆች ናቸው።

ደምቢያ ጣና ዳር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ብዙም አይርቅም። በ1958 የሆነው ግን ከዚያም የባሰ ነበር። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመ፣ 150,000 እንደሞተ ፎንቴንና ባልደረቦቹ በ1961 ባሳተሙት ጥናት ገምተዋል። ወረርሽኙ የተስፋፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ነው። ያ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው የበዛ፣ አየሩም የሞቀና እርጥብ ነበር። ሰዉም ወባ ስለማያውቀው ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ ጀርባቸው ላይ አዝለው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሰዎች ከእናንተ መካከል የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጎንደር ከተማ ያለችው በ2,100 ሜትር ገደማ መሆኑን ደግሞ ልብ በሉልኝ። የወረርሽኙ ጣሪያ የከተማችን ወለል ነበር።

አሁን አንድ የራሴን ጉዳይ ልናገር። ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ በሰሜኑ ደጋ በኩል አንድ ጤና ተቋም ውስጥ እሠራ ነበር። ስሙ አያስፈልግም፤ ጥፋቱም የተቋሙ አልነበረም፣ የእኔ ነው። አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን በቃሬዛ አምጥተው «አደራሽን ዶክተር» አሉኝ። አምስት ቀን ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ። ቆላ ወርዳ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ከመንደሯ ወጥታ አታውቅም። መንደሯ በ2,300 ሜትር ገደማ ያለ ወይና ደጋ ነው። ታይፎይድ ወይም ተስቦ ይሆናል ብዬ ሕክምና ጀመርኩ። የወባ ምርመራ አላዘዝኩም፤ «እዚህ ወባ የለም» ብለን ነዋ የተማርነው! በሁለተኛው ቀን ልጅቷ አንቀጠቀጣት፣ ራሷንም ሳተች። የላቦራቶሪው ባለሙያ ማንም ሳያዘው ከተረፈው ደም ስላይድ ሠርቶ መጣና ምንም ሳይናገር ማይክሮስኮፑን አሳየኝ። ፋልሲፓረም ነበር፣ ሜዳው ሙሉ። ሌሊቱን አላለፈችም።

ይህን የምናገረው የአየር ንብረት ለውጥ ገደላት ለማለት አይደለም። አንድን ታማሚ ይዞ እንዲህ ማለት አይቻልም። ታላቅ ወንድሟ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ታሞ እንደተመለሰ በኋላ ሰማሁ፤ ተውሳኩን ወደ ቤት ያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ወደ እሷ ያሸጋገረች ቢንቢ ግን እዚያው ደጋው ላይ የኖረች መሆን አለባት። በውስጧ ተውሳኩ እስኪበስል ድረስ መኖርም ነበረባት። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ያች ቢንቢ ስንት ቀን ፈጀባት?

ለዚህ ሒሳብ አለው፤ ቀላል ነው። ዴቲኖቫ የምትባል የሶቪየት ሳይንቲስት በ1962 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ባሳተመችው መጽሐፍ በኩል የታወቀ ቀመር ነው። ለፋልሲፓረም 111ን ውሰዱ፤ ከአየሩ አማካይ ሙቀት ላይ 16 ቀንሳችሁ ለሚቀረው አካፍሉ። የሚወጣው ተውሳኩ በቢንቢዋ ውስጥ የሚበስልበት ቀን ብዛት ነው። በ20 ዲግሪ 28 ቀን ገደማ። በ19 ዲግሪ 37 ቀን። በ18 ዲግሪ 55 ቀን ተኩል። በ16 ዲግሪ፣ መቼም አይበስልም።

አሁን አንዲት ቢንቢ በየቀኑ የመትረፍ ዕድሏ 90 በመቶ ነው ብለን እናስብ። ተውሳክ የያዘ ደም ከመጠጡ 1,000 ቢንቢዎች ተውሳኩ እስኪበስል በሕይወት የሚቆዩት በ18 ዲግሪ 3 ብቻ ናቸው። በ19 ዲግሪ 20 ይሆናሉ። በ20 ዲግሪ 54። በሁለት ዲግሪ 18 እጥፍ ማለት ነው! ይኸንኑ ሒሳብ ለቆላ ሥሩት። በ24 ዲግሪ 232፣ በ25 ዲግሪ 273። በአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ እንኳ አልጨመረም። ያው አንድ ዲግሪ ለመተማ ምንም ያህል አይደለም፤ ለወገራ ጫፍ ግን ሌላ ዓለም ነው። (እግረ መንገዴን፣ ቢንቢዋ የምታርፈው ሜዳ ላይ ሳይሆን እሳት በሚነድበት፣ ከብት በሚያድርበት ጎጆ ውስጥ ስለሆነ እሷ የምታውቀው ሙቀት የሜትሮሎጂው ቴርሞሜትር ከሚያነበው ይበልጣል። ስለዚህ ደጋው በወረቀት ላይ ከሚታየው ይልቅ ለወባ የቀረበ ነው።)

አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አንድ ዲግሪ መሞቅ እንግዲህ አገሩን ሁሉ 150 ሜትር ያህል ወደ ታች እንደማውረድ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ሒሳቡን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ታዲያ ጥያቄው ወደ ሌላ ሰው ቤት ገባ። ከዚህ በኋላስ ስንት ዲግሪ? መቼ? በዚህ ላይ ሐኪም ምን ያገባዋል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ ግን ነገሩን ማንበብ ስጀምር ፋርማኮሎጂ ሆኖ አገኘሁት።

የአየር ንብረት ሊቃውንት «ውጫዊ ግፊት» የሚሉት ነገር አለ። ከአየሩ ከራሱ ውጣ ውረድ ሳይሆን ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የፀሐይ ጉልበት መለዋወጥ፣ የእሳተ ገሞራ ጭስ፣ ሰው የሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ። እኛ «ዶዝ» የምንለው ማለት ነው። የምድር መሞቅ ደግሞ ምላሹ። ስዊድናዊው አረኒየስ በ1896 ጋዙ እጥፍ ቢሆን ምድር ስንት ትሞቃለች ብሎ በእጁ አስልቶ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ አገኘ። ማናቤና ዌዘራልድ በ1967 በኮምፒውተር 2.3 ዲግሪ ገደማ አገኙ። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ጉባኤ በ2021 ያወጣው ግምት 3 ዲግሪ ሲሆን ሊሆን የሚችለው ከ2.5 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው አለ። ከ125 ዓመት በኋላም አንድ ቁጥር ላይ አልቆሙም፤ ግን የትኛው የሕክምና ጥናት ነው ከዚህ የጠበበ ግምት ያለው?

ዘዴው እንዲህ ነው። ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት የሆነ መድኃኒት 100 ሚሊግራም በደም ሥር ሰጠን እንበል። ከ6 ሰዓት በኋላ 50፣ ከ12 ሰዓት በኋላ 25 ይቀራል። ይህን አንድ ጊዜ በትክክል ከለካን በየ6 ሰዓቱ 100 ብንሰጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ታማሚውን ደግመን መፈተን አያስፈልገንም። 100 ሲደመር 50 ሲደመር 25 እያልን ስንሄድ ወደ 200 ይጠጋል፣ ከዚያ አያልፍም። በየሰዓቱ ብንሰጥም፣ በግሉኮስ እያንጠባጠብን ብንሰጥም፣ ዛሬ ሰጥተን ነገ ብናቆምም ስሌቱ ያው ነው። እያንዳንዱ ዶዝ የራሱን ጅራት እየጎተተ ይሄዳል፤ እኛ ጅራቶቹን እንደምራለን። የሒሳብ ሰዎች ኮንቮሉሽን ይሉታል። በአየር ንብረት ሞዴልም የሚደረገው ይኸው ነው። ጋዙን በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ ያደርጉና ሞዴሉ በየዓመቱ እንዴት እንደሚሞቅ ይከታተላሉ። የአንዱ ዶዝ ጅራት ከታወቀ በኋላ ዓለም ጋዙን በዝግታ ብትጨምርም፣ ግማሽ መንገድ ላይ ብትቀንስም፣ ሞዴሉን ከመጀመሪያ ሳያስኬዱ ምላሹን ማስላት ይቻላል። ጣሊያናዊው ሉካሪኒና ባልደረቦቹ ይህን በጥብቅ ሒሳብ አስደግፈው አሳይተዋል።

ጅራቱ ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። አየሩ፣ መሬቱና የውቅያኖሱ ላይኛ ክፍል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይመልሳል፤ ጥልቁ ውቅያኖስ ግን መቶ ዓመታት ይፈልጋል። ባለ ሁለት ክፍል ሞዴል እንደምንለው፣ ደሙ ቶሎ ይሞላል፣ ስቡ ቀስ ብሎ። መድኃኒቱን ዛሬ ብናቆም ስቡ ውስጥ የተከማቸው መውጣቱን አይተውም።

«ይህ ሁሉ በኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እውነተኛዋን ምድር ማን ዶዝ ሰጥቷት ያውቃል?» ብትሉ መልሱ እሳተ ገሞራ ነው። ሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ፈነዳ። ሃንሰንና ባልደረቦቹ በጥር 1992 ምድር ግማሽ ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች ብለው አስቀድመው አሳተሙ፤ እንዳሉትም ሆነ። አንድ ዶዝ፣ አንድ ትንበያ፣ አንድ ውጤት።

ለእኛ አገር የቀረበው ፈተና ግን የቆየው ነው። ሰኔ 8 ቀን 1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል ስንጥቅ ተከፍቶ ለስምንት ወር የድኝ ጭስ ሲተፋ ቆየ። ጭሱ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ አቀዘቀዘው። ዝናብ የሚያመጣልን ነፋስ ደግሞ የሚነሣው በሞቀው ምድርና በቀዘቀዘው ባሕር መካከል ካለው ልዩነት ነው። ምድሩ ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ጠበበ፣ ነፋሱም ደከመ። ኦማንና ባልደረቦቹ በ2006 ይህን በሞዴል ሲያስኬዱ የአፍሪካ ክረምት እንደተዳከመ፣ የዓባይም ውኃ እንደቀነሰ አገኙ። ቮልኔ የተባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ ደግሞ በዚያው ጊዜ ግብጽ ነበር። በ1783ና በ1784 ዓባይ እንዳልሞላ፣ ረኃብ እንደገባ፣ ከአገሩ ሰው ስድስተኛው እጅ ሞቶና ተሰዶ እንደጎደለ ጽፏል። የዓባይ ጎርፍ ደግሞ ከየት እንደሚሄድ ለዚህ ጉባኤ አልናገርም። በዚያን ዘመን እዚሁ ጎንደር በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በቅጽል ስማቸው «ፍጻሜ መንግሥት» ናቸው። በፋሲል ግቢ በመሳፍንት ጠብ ሲታመሱ ከነበሩት ሰዎች መካከል ክረምቱ የሚታዘዘው ከአይስላንድም ጭምር እንደሆነ ማን ያስብ ነበር?

እስካሁን ያልኩት ዶዝ ሰጥቶ መመልከት ነው። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ዶዝ ሳይሰጡ ማወቅ ይቻላል የሚለው ነው። ዛሬ እዚህ ያቆመኝም እሱ ነው።

በጎርጎራ በታንኳ የተሳፈረ ይህን ያውቃል። ሁለት ታንኳ አሉ እንበል። ትንሽ ሞገድ ሲመታት አንደኛዋ ዘንበል ብላ ወዲያው ትቃናለች። ሁለተኛዋ ዘንበል ትላለች፣ ትዘገያለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትመለሰው። አሁን አንድ ወፍራም ሰው በአንድ ጎን ሊቀመጥ ነው፤ የትኛዋ ይበልጥ ታጋድላለች? ሰውዬው ሳይቀመጥ መልሱን አወቃችሁት፤ ለመቃናት የምትዘገየዋ ናት። የታንኳዋን የዕለት ተዕለት መወዛወዝ ያስተዋለ ሰው ከባድ ጭነት ሲመጣ ምን እንደምትሆን አስቀድሞ ሊናገር ይችላል።

አንስታይን በ1905 በውኃ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ብናኝ የጻፈው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ብናኙን የሚያንቀጠቅጠውና ሲገፉት የሚይዘው አንድ ነገር ነው አለ። በ1975 ሊዝ የተባለ አሜሪካዊ «ይህ ለአየር ንብረትም ይሠራል» ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ጀርመናዊው ሃሰልማን የየዕለቱ አየር ውዥንብር በዘገምተኛው ውቅያኖስ ውስጥ እየተጠራቀመ ረጅም መዋዠቅ እንደሚፈጥር በሒሳብ አሳየ። ማናቤና ሃሰልማን በ2021 ከፓሪዚ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ነገሩ በእኛ ቋንቋ ሲነገር፣ ዛሬ ከወትሮው የሞቀ ከሆነ ያ ሙቀት ስንት ቀን ወይም ስንት ወር ይቆያል? መዋዠቁ ትዝታው ረጅም ከሆነ ግፊት ሲመጣ ምላሹ ትልቅ ነው፤ ትዝታው አጭር ከሆነ ትንሽ። እና ይህ ትዝታ የት ነው ያለው? በመዝገብ ውስጥ። በየቀኑ በተጻፈ፣ ባልተቋረጠ መዝገብ ውስጥ።

ዘዴው ጉድለት አለበት፤ ሳልናገር ባልፍ የሒሳብ ሰዎች አይለቁኝም። አንደኛ፣ ታንኳዋ ወደ ግራና ቀኝ ስትወዛወዝ ብቻ ካየናት ከፊት ለፊት ብትገፋ ምን እንደምትሆን አልነገረችንም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት አንዳንድ ነገሩ በተፈጥሮ መዋዠቅ ውስጥ ታይቶ የማይታወቅ አቅጣጫ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሐኪሞች ሁሉ ታውቁታላችሁ። ፌኒቶይን! 300 ሚሊግራም ላይ ደኅና የነበረ ታማሚ ትንሽ ሲጨመርለት ዓይኑ ይርገበገባል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። ጉበቱ እስከ አንድ ደፍ ድረስ እንደታዘዘ ያስወግዳል፤ ደፉ ሲታለፍ የመደመሩ ሒሳብ ይፈርሳል። ከላይ የነገርኳችሁ የወባው ቀመርም በ16 ዲግሪ ላይ እንዲህ ያለ ደፍ አለው። ስለዚህ ሁለቱን አንቀላቅል። ሙቀቱን በመደመር ማስላት ይቻላል፤ ወባውን ግን አይቻልም። «ባለፉት አሥር ዓመታት አንድ ዲግሪ ሞቆ ምንም አልሆነም፣ ስለዚህ በሚመጣው አንድ ዲግሪም ምንም አይሆንም» የሚል የጤና ዕቅድ ፌኒቶይን እንዳላየ ሐኪም ነው።

ስለ ዝናብ አጭር ነገር ብቻ። በሙቀት ላይ ሞዴሎቹ ይስማማሉ፤ በደጋችን ክረምት ላይ ግን አይስማሙም፣ አንዱ ይበዛል ሲል ሌላው ይቀንሳል ይላል። የእኛ ሜትሮሎጂ ከ1987 ጀምሮ ለወቅቱ ትንበያ ሲሠራበት የቆየው ዘዴ የፓሲፊክን ውቅያኖስ ሙቀት አይቶ ዘንድሮን የሚመስሉ ያለፉ ዓመታትን መፈለግ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ አባቶቻችንም «ይህ ክረምት የእገሌን ዓመት ይመስላል» ይሉ ነበር። ግን ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ ዘንድሮን የሚመስል ዓመት ካለፈው ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ወደ ወባዬ ልመለስ። አሚር ሲራጅ፣ መርሴዲስ ፓስኳልና ባልደረቦቻቸው በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። የደብረ ዘይትን አካባቢ የ1993 እስከ 2005 የወባ መዝገብ ወስደው፣ በሞቃት ዓመታት ወባው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት እንደሚወርድ አሳዩ። ዘዴውን አስተውላችሁታል? ግፊቱን አልጠበቁም። ከዓመት ዓመት ያለውን ተራ ውጣ ውረድ አይተው የምላሹን አቅጣጫ አነበቡ። በ2021 ደግሞ ሮዶ፣ ሲራጅና ሌሎች፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዓለም መሞቅ ለጊዜው ሲዘገይ በዚያው ደጋ ወባውም እንደቀነሰ፣ ይህም አጎበርና አዲሱ መድኃኒት በሰፊው ከመዳረሳቸው በፊት እንደጀመረ አሳይተዋል። ይህ ቁም ነገር ነው። ያን ጊዜ ወባ ሲቀንስ «ሥራችን ነው» ብለን አጨብጭበናል። ከፊሉ የሥራችን ውጤት ነበር፤ ከፊሉ ግን ታንኳዋ ለጊዜው ወደዚያኛው ጎን ስላዘነበለች ነው።

እርግጥ ወባን ሙቀት ብቻ አያመጣውም። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ አገራችን 7.3 ሚሊዮን የወባ ታማሚዎችን መዝግባለች። በዚህ ውስጥ ጦርነት አለ፣ መፈናቀል አለ፣ ከ2016 ጀምሮ የታወቀው በከተማ የሚራባው አዲሱ የቢንቢ ዝርያ አለ። በ2003 እስከ 2005 በሊቦ ከምከምና ፎገራ ደጋ ላይ ካላዛር ሲገባ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎን እንደነበር አንርሳ። እንደ እኔ ዓይነት ሰው አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ሁሉን ነገር ሙቀት ሊያደርገው ይችላል። ሙቀቱን ከሌላው ለመለየት ግን የሚያስፈልገው ያው መዝገብ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ዩኒቨርሲቲያችን ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ የጤናና የሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። ከስንቱ ዩኒቨርሲቲ ነው እንዲህ ያለ ያለው? ዳባት ወረዳ ከቆላው ተነሥቶ እስከ ደጋው ይወጣል፤ ሙቀት በየከፍታው የሚለካበት፣ ልደትና ሞት የሚቆጠርበት አንድ ወረዳ ማለት ነው። ግን በየከፍታው ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ኬላዎች የላቦራቶሪው መዝገብ የት ነው? አንዳንዱ ካርድ ክፍል ጥግ ላይ ተከምሯል፣ አንዳንዱን አይጥ በልቶታል፣ ባለፉት ዓመታት ግጭት የጠፋም አለ። ያለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተገኘበትን ብቻ ነው የጻፈው። «ኔጌቲቭ» የሆነውን ለምን እንጽፋለን ይባላል። ከመቶ ተመርማሪ አሥር መገኘቱና ከአሥር ተመርማሪ አሥር መገኘቱ በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ይመስላል። ስድስት ወር የተጻፈ፣ ሦስት ወር የዘለለ፣ እንደገና የጀመረ መዝገብ ደግሞ ለሐኪሙ የጎደለ ብቻ ነው፤ ለሒሳቡ ግን ከዚያ ይብሳል፣ ትዝታው ተቆርጧል። መወዛወዟን አቋርጠን ካየናት ታንኳዋ ለመቃናት ስንት ጊዜ እንደፈጀባት ማወቅ አንችልም።

ስለዚህ ከማኅበራችን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅሁም፤ ማሽንም አልጠየቅሁም። አንድ ስካነር፣ ክረምት ላይ ሥራ የሚፈልጉ ጥቂት ተማሪዎች፣ ከሒሳብ ክፍል አንድ ፈቃደኛ መምህር፣ በዳባት ከቆላው እስከ ደጋው በተለያየ ከፍታ የሚሰቀሉ ቴርሞሜትሮች፤ ከነዚህም ግማሾቹ ጎጆ ውስጥ። በየወረዳው የምትሠሩ ደግሞ በእጃችሁ ያለውን አሮጌ መዝገብ አትጣሉ። የ1980ዎቹ ቢሆንም፣ ገጹ ቢቀደድም፣ ጽሑፉ የሐኪም ጽሑፍ ቢሆንም። ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩም ይበቃል።

ደጋ ላይ ለምታገለግሉ ወጣት ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች ደግሞ አንድ ቃል። ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው «ቆላ ወርደህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አላውቅም» ቢሆንም ስላይድ እዘዙ። «ማን ከቆላ መጥቶ ቤታችሁ አደረ?» የሚለውንም ጨምሩበት። ፈጣን ምርመራው ኔጌቲቭ ቢልም እንኳ ተጠራጠሩ፤ ያ ምርመራ የሚፈልገው ፕሮቲን የጠፋባቸው ተውሳኮች በሰሜኑ አገራችን ተገኝተዋል። ኔጌቲቩንም ጻፉት፤ ቀኑን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን።

ያን ቀን ስላይዱን ያሳየኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት አግኝቼው ስለዚህ ሐሳብ ስነግረው ሳቀና «እኔ እኮ የራሴን መዝገብ ቤቴ ወስጄ አስቀምጫለሁ፤ ሊያቃጥሉት ነበር» አለኝ። አሥራ አንድ ደብተር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ፤ ሻይ ሰዓት ላይ ማየት የምትፈልጉ ወደ እኔ ኑ። ለመመዝገብ የምትፈልጉ ደግሞ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።